ሁለቴ የተመታው ቧንቧ

አጎቴን ሰው ሁሉ የሚጠራው ሲባጎ እያለ ነበር። ስሙን ያወጡለት አብረውት የሠሩት የቴአትር ቤት ሰዎች ናቸው፤ አንድም ቀጭን ስለሆነ፣ አንድም የቱንም ያህል ቢስቡት ስለማይበጠስ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ሃያ አራት ዓመት ከመድረኩ በላይ ባለው ጠባብ የእንጨት ሰገነት ላይ ቆሞ፣ ተመልካች ሳያየው፣ ገመድ ሲስብና ሲለቅ ኖረ። ከታች ቤተ መንግሥት ፈርሶ ጫካ ሲበቅል፣ ጫካው ተነሥቶ ባሕር ሲዘረጋ የሚያጨበጭበው ሕዝብ፣ ያን ሁሉ የሚያደርገው አንድ ከሲታ ሰው መሆኑን አያውቅም ነበር። እሱም አላጨበጨቡልኝም ብሎ የተከፋበትን ቀን አላስታውስም። «እኔን ያዩኝ ቀን ሥራዬ ተበላሽቷል ማለት ነው» ይል ነበር። ነፍሱን ይማርና፣ ካረፈ ዓመት አለፈው።

አባቴ የዚያው ቴአትር ቤት አናጢ ነበር፤ እናቴ ደግሞ በአልባሳት ክፍሉ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። እኔም ፊደል ከመቁጠሬ በፊት የመጋዝን ድምፅ ከስፌት መኪና ድምፅ የለየሁ ልጅ ነኝ። ቤታችን ሁለት ክፍል ብቻ ብትሆንም ወንበራችን የንጉሥ ነበር፤ ጀርባው ወርቅማ ቀለም የተቀባ፣ እግሩ ተሰብሮ ከመድረክ የወጣ፣ አባቴ ጠግኖ ያመጣው ወንበር። እናቴን ከአባቴ ጋር ያገናኘው ራሱ ሲባጎ ነው። እሱና አባቴ አንድ ዳቦ ተካፍለው የሚበሉ፣ አንዱ የጀመረውን ቀልድ ሌላው የሚጨርስ ጓደኛሞች ነበሩ አሉ። አሉ የምለው እኔ በደንብ የማስታውሳቸው ከተጣሉ በኋላ ስለሆነ ነው። «እጄ ላይ የነበረውን ገመድ ወስጄ አንገቴ ላይ አሰርኩት» ይል ነበር አጎቴ ያን ጋብቻ በኋላ ሲያስበው።

ሥራቸው እንዲህ ነው። ቀለም የተቀባው ከባድ የሸራ ግድግዳ በገመድ ይንጠለጠላል። ገመዱ ጣራው ላይ ባለው መዘውር ዞሮ፣ በሌላው ጫፉ ግድግዳውን የሚያክል የአሸዋ ከረጢት ይታሰርበታል። ሁለቱ እኩል ስለሚመዝኑ አንድ ሰው ብቻውን ቤተ መንግሥት ማንሣት ይችላል። ግድግዳው መድረክ ላይ ሲወርድ ከረጢቱ ጣራ ሥር ይወጣል። እንግዲህ አናጢው ግድግዳውን ከገመዱ ከመፍታቱ በፊት፣ ላይ ያለው ሰው ከረጢቱን ከሰገነቱ ጋር አጥብቆ ማሰር አለበት። ሳይታሰር ከተፈታ ከረጢቱ ቁልቁል ይመጣል። መጮህ ክልክል ስለሆነ የሚግባቡት በምት ነበር። ከጣራው ወደ ታች የሚወርድ አንድ የብረት ቧንቧ በሰገነቱ አጠገብ ያልፋል። ሲባጎ ከረጢቱን አስሮ ሲጨርስ ይህን ቧንቧ በብረት መፍቻው ሁለት ጊዜ ይመታዋል። ቋ! ቋ! ያኔ አባቴ ይፈታል።

በዚያ ቤት ከሁሉ የሚፈራው የመድረኩ ኃላፊ ነበር። መጋረጃ ከመገለጡ በፊት ወለሉን ሦስት ጊዜ የሚመታበት ዱላ ስለነበረው ከኋላው ሦስቴ ይሉታል። ዱላው ከጥቁር እንጨት የተጠረበ፣ ጫፉ ላይ ናስ የተገጠመለት ነው። የተሠራው በቀን ለሦስት ምት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሦስቴ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ አያስፈታውም ነበር። የዘገየ ተዋናይ፣ ቀለም የደፋ ሠዓሊ፣ አምፖል የሰበረ መብራት ሠራተኛ፣ ሁሉም በጀርባው ያውቀዋል። ከመድረኩ ኋላ ያለው፣ ግድግዳው በሳንቃ የተለበጠ ጠባብ ኮሪደር የእሱ ፍርድ ቤት ነበር። ሰው በዚያ ሲያልፍ እርምጃውን ያፈጥናል።

አደጋው የደረሰው በቀን፣ በልምምድ ሰዓት ነው። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። የሸራው ግድግዳ ወርዷል፤ አባቴ ከሥሩ ቆሞ ምልክት ይጠብቃል። ሲባጎ ላይ ሆኖ ከረጢቱን ሊያስር ገና ጎንበስ ማለቱ ነው። አባቴ ሁለት ምት ሰማ። ፈታ። ከረጢቱ መጣ።

ቀኝ እግሩ ላይ አረፈ። አጥንቱ ሱሪውን ቀዶ ወጣ፤ ደሙም በመድረኩ ሳንቃዎች ስንጥቅ እየገባ ከሥር ወዳለው መጋዘን ይንጠባጠብ ነበር ይላሉ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። እናቴ ጩኸቱን ሰምታ ከአልባሳት ክፍል ስትሮጥ ደረጃ ላይ ወደቀችና የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ፤ እንደጠመመ ቀረ። በአንድ ቀን ከአንድ ቤት አንድ እግርና አንድ እጅ ሄደ ማለት ነው። የሲባጎ ከተጨመረ ደግሞ ሁለት እጅ።

የሲባጎን እጅ የሰበረው ሦስቴ ነው። አባቴ በቃሬዛ ከወጣ በኋላ አጎቴን ከሰገነቱ አስወርዶ፣ እጁን በአባቴ የሥራ ጠረጴዛ ላይ እንዲዘረጋ አዘዘው።

«ያንኳኳው እጅ ይህ ነው?»

«አላንኳኳሁም ጌታዬ።»

«እንግዲያው ያላንኳኳው እጅ ይህ ነው» አለና ዱላውን አወረደበት። ሦስት ጣት ተሰበረ።

አባቴ ከሰመመኑ ሲነቃ ስለ እግሩ አልጠየቀም። «አንኳኩቷል፤ ሁለቴ ሰምቻለሁ» አለ። ይህን ለሲባጎ ሲነግሩት «አላንኳኳሁም» አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ላይ ሌላ ቃል አልጨመሩበትም። አባቴ እግሩን ያጣው በሥራ ብልሽት ነው ቢሉት ይችለው ነበር፤ ወንድሜ ብሎ ያመነው ሰው ዓይኑን በጨው አጥቦ መካዱን ግን አልቻለም። ሲባጎም ጣቶቹን ረስቷቸዋል፤ በሚወደው ሰው አፍ ነፍሰ ገዳይ መባሉን ግን አልረሳም። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል። ማን? ቤተሰባችን በዚህች ጥያቄ መሐል ለሁለት ተሰነጠቀ።

የመጀመሪያው ጠብ የተደረገው እኛ ቤት ነው። ሲባጎ እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ ሊጠይቀው መጣ። አባቴ ከአልጋው ሳይነሣ መዶሻውን ወረወረበት። መዶሻው በጆሮው አጠገብ አልፎ በራችንን በሳ፤ በዚያ ቀዳዳ እኔ ለብዙ ዓመታት ጎረቤት ሳይ አድጌአለሁ። ሁለተኛው በአያቴ ቀብር ላይ ነው። አስከሬኑ ገና ሳይወርድ ሁለቱ ተያይዘው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ወደቁ፤ ሲባጎ የአባቴን ጆሮ ነክሶ ሥጋውን ተፋው። ሦስተኛው በሠርጌ ቀን ነው። አባቴ በክራንቹ የአጎቴን ሁለት የፊት ጥርሶች አወለቀለት፤ አጎቴም ወንበር አንሥቶ የአባቴን ግንባር ተረተረው። በሠርጌ ፎቶግራፍ ላይ አባቴ በግራ በኩል ፎጣ ግንባሩ ላይ ይዞ፣ አጎቴ በቀኝ በኩል አፉን በእጁ ሸፍኖ ቆመዋል። መሐል ላይ ያለችው እናቴ ብቻ ናት ካሜራውን የምታየው።

ሲባጎ መልአክ አልነበረም፤ ደሙ ሲፈላ ሰው አይለይም ነበር። ነገር ግን ወደ እኔ ሲመጣ በተጣመሙት ጣቶቹ የሲባጎ ክር ይዞ የማይፈታ ቋጠሮ ያስተምረኛል። «ይኸውልሽ የኔ ልጅ፣ ቋጠሮ አይዋሽም» ይለኛል። እኔም አባቴ እንዳያይ ክሩን ትራሴ ሥር እደብቀዋለሁ።

ቴአትር ቤቱ ከአደጋው ዐሥር ዓመት በኋላ ተዘጋ። ጣራው አፈሰሰ፣ እርግብ ሰፈረበት፣ መስኮቱ በድንጋይ አለቀ። ሃያ ዓመት ያህል እንዲያ ከቆየ በኋላ ታድሶ ተከፈተ። ለቀድሞ ሠራተኞችም፣ የተመልካች ዓይን የማያየውን ክፍል እየተዘዋወሩ እንዲጎበኙ የጥሪ ደብዳቤ ተላከ። ደብዳቤው ለእናቴ ሲደርስ ለአባቴ «ወንድሜ አይመጣም፤ ታሟል» አለችው። ለወንድሟ ምን እንዳለችው ያወቅነው በኋላ ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጀርባው በር ተገናኘን።

«ታሟል ተብዬ ነው የመጣሁት» አለ አባቴ።

«እኔ ደግሞ ሞቷል ተብዬ» አለ ሲባጎ።

ሁለቱም ወደ እናቴ ዞሩ። እሷ ሻርፗን አስተካክላ «አንዴ ልያችሁ ብዬ ነው። ከዚህ ቤት የወጣችሁት ለየብቻ ነው፤ አንዴ እንኳ አብራችሁ ግቡበት። ከዚያ ወዲያ ተገዳደሉ» አለችና ቀድማ ገባች።

አስጎብኚያችን ሥራዋን የምትወድ፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ ወጣት ሴት ነበረች። ከእኛ ሌላ ዐሥራ ሁለት ያህል ጎብኚዎች ነበሩ። ክብ አምፖሎች የከበቧቸውን የተዋናዮች መስተዋቶች፣ አዲስ ቀለም የሚሸተውን የመዋቢያ ክፍል፣ የአልባሳቱን ክፍል አሳየችን። እናቴ የድሮ የስፌት መኪናዋን መስኮት ሥር አገኘቻትና ጎማዋን በጣቷ አዞረች። «ዘይት አጥታለች፣ ድሃዋ» አለች። አባቴ የአናጢውን ክፍል ሲያይ አንገቱን ነቀነቀ። ጠረጴዛው ያው ነበር፤ መጋዞቹ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። «እነዚህን ለጌጥ ነው የሰቀላችኋቸው?» ብሎ ጠየቀ።

«አይ አባባ፣ ይሠራሉ» አለች አስጎብኚዋ።

«ጥርሳቸው ግን እንደ አንዳንድ ሰው ጥርስ ሆኗል» አለ አባቴ ወደ ሲባጎ ሳያይ። ሲባጎ ምላሱን በሁለቱ ጥርሶች ክፍተት አውጥቶ አሳየው። ጎብኚዎቹ ሳቁ፤ እነሱ ጨዋታ መስሏቸው ነበር።

ከዚያ ያ ኮሪደር መጣ። ሳንቃው ተወልውሎ ያበራል። መሐሉ ላይ የመስተዋት ሣጥን ቆሟል፤ ውስጡም ጥቁሩ ዱላ ተጋድሟል።

«ይህ ከሁሉ የምንኮራበት ቅርሳችን ነው» አለች አስጎብኚዋ። «የመድረኩ ኃላፊ ለሠላሳ ዓመት እያንዳንዱን ቴአትር በዚህ ዱላ በሦስት ምት ከፍተዋል። ሠራተኞቹ እንደ አባታቸው ይወዷቸው ነበር ይባላል።»

«ይባላል» አለ ሲባጎ።

እናቴ ጠማማ አንጓዋን ሻርፗ ሥር ከተተችና ከሣጥኑ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ደክሞኛል አለች። አስጎብኚዋ ሌሎቹን ይዛ ወደ መድረኩ አለፈች። እዚያ ከጥንቶቹ ገመዶች አንዱን ለማሳያ አስቀርተውት ነበርና፣ አንዲት የመድረክ ሠራተኛ ከታች፣ አንድ ባልደረባዋ ከላይ ሆነው ግድግዳ እንዴት እንደሚወርድና እንደሚፈታ ሊያሳዩ ነው። «ልክ እንደ ድሮው በሁለት ምት ነው የሚግባቡት» ስትል ሰማኋት። ጎብኚዎቹ ከተወጠረ ገመድ ኋላ እንዲቆሙ አደረገች። እኔ ኮሪደሩንና መድረኩን በሚያገናኘው በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ትቼ መሄድ እንደማልችል ሕይወቴ አስተምሮኛል።

ሲባጎ ዱላውን እያየ ሳያውቀው የተጣመሙትን ጣቶቹን ያሻሽ ነበር። አባቴ አየው።

«እንዳይቃኑ የጸለይኩት እኔ ነኝ» አለው።

«ጸሎትህ እንደ እግርህ ነው» አለ ሲባጎ። «ግማሹ ብቻ ነው የሚደርስ።»

አባቴ ክራንቹን አነሣ። ራሱ የሠራው፣ ጫፉ ብረት የለበሰ ክራንች ነው። የመጀመሪያው ምት ሲባጎን ትከሻው ላይ አገኘው፤ አጥንቱ ሲጮህ ሰማሁ። ሲባጎ ወደፊት ወድቆ በጭንቅላቱ የአባቴን ደረት መታ። ሁለቱም ከሳንቃው ጋር ተጋጩ። አባቴ በአንድ እጁ ጉሮሮውን ያዘ፤ ሲባጎ በክርኑ አፍንጫውን ሰበረው፤ ደሙ በሁለቱም ነጭ ሸሚዝ ላይ ተረጨ።

«በል እመን! እግሬን ወስደህ አንደበቴን ልትወስድ?»

«አላንኳኳሁም!»

«ውሸታም!»

«ልቀቁ! እባካችሁ ልቀቁ!» እያልኩ አባቴን ከኋላው አቅፌ ሳብኩት፤ ክርኑ ጉንጬን መታኝና ዓይኔ ጨለመብኝ። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም፤ ሳንቃውን ብቻ ትኩር ብላ ታያለች። ሲባጎ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አባቴ በአንድ እግሩ ቆሞ ክራንቹን በጭንቅላቱ ላይ አወረደ። ሲባጎ አንገቱን ቀለሰ፤ ክራንቹ ስቶት ሳንቃውን መታ። እንደገና አነሣ፤ እንደገና ሳተው። በሁለተኛው ሳንቃው ተሰነጠቀ፣ ክራንቹም ከሁለት ተሰበረ።

ቋ! ቋ!

ድምፁ ከሳንቃው አልመጣም። ከኋላዬ፣ ከመድረኩ ላይ፣ ከጣራው ሥር መጣ።

ዞር አልኩ። ሠራተኛዋ ግድግዳውን ፈታች። ከረጢቱ መጣ።

ወደ ጎን ዘለለች እንጂ ያበቃላት ነበር። ከረጢቱ አንድ ክንድ ያህል ከጫማዋ ርቆ ወለሉን መታ፤ ሳንቃው ተፈረካከሰ፣ ከረጢቱ ፈነዳ፣ አሸዋው እስከ ጎብኚዎቹ እግር ተረጨ። ሠራተኛዋ በክርኗ ወድቃ ቆዳዋ ተገሽልጧል። ጎብኚዎቹ ጮኹ፤ አንዷ ሴት አቧራው ውስጥ ባሏን ትጣራ ነበር።

«ለምን አንኳኳህ?» አለች ሠራተኛዋ ወደ ላይ አንጋጥጣ። «ልትገድለኝ ነው?»

ከላይ ያለው ሰው በሰገነቱ ላይ ተደግፎ ብቅ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አላንኳኳሁም! ገና ላስር ጎንበስ ስል ነው!»

«ሁለቴ ሰምቻለሁ!»

«አላንኳኳሁም አልኩሽ!»

«ዓይንህን በጨው ታጠብ! በጆሮዬ ሰምቼ?»

አባቴ ግድግዳ ግድግዳውን እየያዘ፣ በአንድ እግሩ እየዘለለ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ትከሻዬን ያዘ። ሁለቱን ሠራተኞች እያፈራረቀ ያያቸዋል፤ ከአፍንጫው የሚወርደውን ደም እንኳ አይጠርግም።

«ልጄ» አላት ሠራተኛዋን ቀስ ብሎ፣ «ከየት ነው የሰማሽው?»

«ከላይ ነዋ አባባ! ሌላ ከየት ይመጣል?»

«ከላይ» አለ አባቴ። «አዎ፣ ከላይ ነው።»

ሲባጎ ይህን ሁሉ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ሰምቷል። ተነሣ። በተጣመሙት ጣቶቹ የተሰነጠቀውን ሳንቃ ያዘና ሳበ። ሳንቃው ሚስማሩ እየጮኸ ተነቀለ። ከኋላው አንድ ጥቁር፣ ዝገት የበላው የብረት ቧንቧ ቆሟል፤ ከጣራው ይወርዳል፣ በሰገነቱ አጠገብ ያልፋል፣ በዚህ ኮሪደር ግድግዳ ውስጥ ተሸፍኖ ወደ መሬት ይገባል። ሃያ አራት ዓመት ላይኛውን ጫፍ ሲመታ የኖረ ሰው የታችኛውን አይቶት አያውቅም። አባቴም ቢሆን ሳንቃው እሱ ከመወለዱ በፊት የተለበጠ ስለሆነ አንድ ቀን ገልጦ አላየውም። ሲባጎ የተሰበረውን ክራንች አነሣና አንዴ መታው። ከመድረኩ ጣራ ሥር «ቋ!» አለ።

«እኔ አይደለሁም!» ብሎ ጮኸ ከላይ ያለው ሰውዬ።

ማንም አልሳቀም።

«ያን ቀን» አለ ሲባጎ፣ «እዚህ ኮሪደር ውስጥ የነበረው ማነው?»

«እኔ ነበርኩ» አለች እናቴ።

ከወንበሯ አልተነሣችም። አንጓዋን ከሻርፗ አውጥታ ጭኗ ላይ አኖረች። «የንግሥቲቱን ቀሚስ ጫፍ አስረዝሜው ኖሮ ተዋናይቷ በልምምድ ላይ ተደናቅፋ ወደቀች። ሦስቴ እዚህ ጠራኝ። አንዱን በዚህ ተቀበልኩት» አለችና አንጓዋን አሳየች። «ከዚያ ጎንበስ ብዬ ራሴን ያዝኩ። ሁለቱ ሳቱኝ። ግድግዳውን መታው። አራተኛውን ሊያነሣ ሲል የአንተን ጩኸት ሰማን፤ ዱላውን እንደያዘ ሮጠ።»

«ደረጃ ላይ ወደቅሁ አልሽኝ» አለ አባቴ።

«አልኩህ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት!»

«ብነግራችሁ ምን ልታደርጉ ነበር? ሁለታችሁም ትገድሉት ነበር። እኔም ልጄን በወኅኒ ቤት በር ላይ አሳድጋት ነበር። ኋላ ደግሞ እግርህ ሄደ፤ ከአንተ እግር ጎን የእኔ አንጓ ምን ቁም ነገር ነው ብዬ ዋጥኩት። እነዚያ ሁለት ምቶች ላይ ድረስ መሄዳቸውን ግን በእናቴ አጥንት አላወቅሁም። ዛሬ ሳንቃውን ስትመታ ነው የገባኝ።»

ሁለቱም የሚመቱት ሰው ፈለጉ። ዐይኔ እያየ ፈለጉ። ሦስቴ አልጋው ላይ ተኝቶ፣ ተከብሮ፣ አበባ ተደርድሮለት ከሞተ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ እናቴ ራሷ ቀብሩ ላይ ቆማለች። ሲባጎ የሚያደርገው ቢያጣ የተነቀለውን ሳንቃ በቡጢ መታው፤ እጁ ደማ። እንደገና መታው። አባቴ «ተው» አለው። ከሠላሳ አንድ ዓመት ወዲህ ያለው አዲስ ቃል ይህ ነው።

እናቴ ተነሣች። የክራንቹን ስባሪ ከወንድሟ እጅ ወሰደች። ስድሳ ሊሞላት አንድ ዓመት የቀራት፣ በሕይወቷ ዝንብ እንኳ በጥፊ ያልመታች ሴት ናት። የመስተዋት ሣጥኑን አንዴ መታችው፤ ተሰነጠቀ። ደግማ መታችው፤ ረገፈ። የመስተዋቱ ስባሪ ክንዷን ቆረጣት፤ ደሙ በጠማማው አንጓዋ ላይ ወረደ።

አስጎብኚዋ እየሮጠች መጣች። ፈገግታዋ የለም። «እማማ! ምን እያደረጉ ነው? ቅርስ እኮ ነው!»

«ይኸውና ጓደኛው» አለች እናቴ፣ የደማውን አንጓዋን ከፍ አድርጋ። «ይህንንም ከጎኑ አስቀምጭውና ስለ እሱም ንገሪያቸው።»

አስጎብኚዋ አንጓውን አየች። የሲባጎን ጣቶች አየች። የአባቴን ባዶ የሱሪ እግር፣ የተነቀለውን ሳንቃ፣ ቧንቧውን አየች። ወደ መድረኩ ዞር ብላ አሸዋው መሐል ክርኗን ይዛ የተቀመጠችውን ባልደረባዋን አየች። ከዚያ ጎብኚዎቹን «በፊት ለፊት በኩል እንውጣ» ብላ ይዛቸው ሄደች፤ ስትሄድም በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

እናቴ ዱላውን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ልትሰብረው ሞከረች። አልሆነላትም። ጥሩ እንጨት ነው። ለአባቴ ሰጠችው።

«አንተ አናጢ አይደለህ?»

አባቴ ክራንች አልነበረውም። ሲባጎ የተመታውን ትከሻ ትቶ ሌላኛውን አስጠጋለት፤ አባቴም ተደገፈበት። ወደ አናጢው ክፍል እንዲያ ገቡ፤ ሁለቱ እየደሙ፣ አንዱ እየዘለለ፣ አንዱ እያቃሰተ። አባቴ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት መጋዞች አንዱን አወረደ፤ ጥርሱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ፊቱን አጨማደደ። ሲባጎ ዱላውን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስተኛው። ያው ጣቶቹ የተሰበሩበት ጠረጴዛ ነው። በሁለት እጁ ተጭኖ ያዘለት።

መጋዙ ደንዝዞ ስለነበር ብዙ ጊዜ ፈጀ። አባቴ ይስባል፣ ሲባጎ ይይዛል፤ እኔም በልጅነቴ አሉ ሲባል ብቻ የሰማሁትን ነገር ቆሜ አየሁ፣ እንዴት እጅ ለእጅ እንደሚግባቡ። ዱላው ሲንሸራተት አጎቴ ሳይነገረው ያጠብቃል፤ አጎቴ ሲደክመው አባቴ ሳይጠየቅ ያርፋል። የአፍንጫው ደም በመጋዙ ስለት ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ናስ ያለበት ጫፍ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። ቀጥሎ ሌላው ቁራጭ ወደቀ።

ቋ። ቋ።

አባቴ መጋዙን አቁሞ ወደ ላይ አንጋጠጠ።

«አላንኳኳሁም» አለ ሲባጎ።

«አውቃለሁ» አለ አባቴ። «በደንብ ያዝልኝ።»